የቀኝ በኩል ፊውዞች

«ያዢው፤ እንዳትለቂው» አለ አቬሊኖ፣ አንዱን ብሎን በከንፈሩ እንደያዘ።

ሳልቪ ግራ እጇን ከፊውዝ ፓኔሉ ሥር ሰድዳ በትከሻዋ ደገፈችው። ቀኝ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። አውሎ ነፋሱ የጣራውን ቆርቆሮ ሲገነጥል እይዛለሁ ብላ መዳፏን ሸርክቷት፣ ከዚያ ወዲህ ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋታል። ፓኔሉ ራሱ ከአንድ ሕፃን አይከብድም፤ ችግሩ የሚገባበት የብረት መደርደሪያ ከራሷ በላይ መሆኑ ነው። አቬሊኖ ብሎኖቹን በየተራ አስገባ፤ ሁሉንም አላልቶ ካስያዛቸው በኋላ ተመልሶ አንድ በአንድ አጠበቃቸው።

«አሁን ልቀቂው። ካልወደቀ ገብቷል ማለት ነው።»

ቀስ ብላ ለቀቀችው። አልወደቀም።

አሮጌው ፓኔል በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተጥሏል። ውሃ በተቀደደው ጣራ ገብቶ ሲወርድበት ብልጭ ብሎ ነድዶ ነበር። አሁን ፊቱ እንዳረረ ድስት ጠቁሯል፤ ፊውዞቹ ቀልጠው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ደሴቲቱ ዲዳ የሆነችው ያኔ ነው። ባትሪዎቹ ተርፈዋል፤ ጄኔሬተሩም ደህና ነው፤ የስልክ ማማው ዘመም ቢልም ቆሟል። ነገር ግን የባትሪው ኃይል ገብቶ በየፊውዙ ለየመሣሪያው የሚከፋፈለው በዚያ ፓኔል በኩል ስለነበር፣ የቀረው ሁሉ ያለሱ ባዶ ቁም ሣጥን ነው።

ሁለቱም ማዕበሉ ሲመጣ ተረኞች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ከኮረብታው አልወረዱም። ዝናቡ እስከ ትናንት ማታ አላባራም፤ ወደ ከተማው የሚወስደውን መንገድ ጭቃና የወደቀ ዛፍ ዘግቶታል። ዛሬ ገና ሲነጋ ሁለት ወታደሮች ከወደብ አዲሱን ፓኔል በሳጥን ተሸክመው ወጡ። የባሕር ኃይል መርከብ እንዳመጣው፣ ከታች ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ወደ ኮረብታው እያየ እንደሚጠብቅ ተናግረው፣ ውሃ ጠጥተው ወዲያው ተመለሱ።

ሳልቪ ስለ ምስራቁ ጠረፍ ጠየቀቻቸው። ወታደሮቹ ተያዩ። የሚያውቁት ነገር እንደሌለ ነገሯት።

እናቷና የሰባት ዓመት ልጇ ያሉት እዚያ ነው፣ ሳባንግ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር። ከጣቢያው ደጃፍ ሆኖ ወደ ምዕራብ ለሚያይ ከተማው፣ ወደቡና የተሸላለቱት የኮኮናት ዛፎች ይታያሉ፤ ምስራቁ ግን ከሸንተረሩ ጀርባ ነው። ማዕበሉ የመጣው ደግሞ ከዚያ በኩል ነው።

አቬሊኖ የሚጨነቅለት ሰው ያለ አይመስልም ነበር። ሚስቱ ፌሊሳ ከተማ ውስጥ፣ በሲሚንቶ በተሠራው ትምህርት ቤት ከጎረቤቶቿ ጋር ተጠልላለች። ሲሚንቶ ያምናል። ስልኩ ውሃ ጠጥቶ ሞቷል፤ እሱንም በሳቅ ነው ያለፈው።

«እንኳን ሞተ» አላት። «ቢሠራ እስካሁን ፌሊሳ በስድብ ታቃጥለው ነበር።»

መጀመሪያ የመሬቱን ሽቦ አሰሩ። ከዚያ አቬሊኖ የባትሪውን ዋና ማጥፊያ ዘግቶ፣ በቴስተር ሁለቴ አረጋግጦ፣ የግራውን በኩል ኬብሎች ማስገባት ጀመረ። ፓኔሉ ሁለት ወገን አለው። የግራው ከዋናው ደሴት ጋር የሚያገናኘውን መሣሪያና ወደ ከተማው የዞሩትን አንቴናዎች ይመግባል፤ የቀኙ ወደ ምስራቅ የዞሩትን። የትኛው ይቅደም የሚል ክርክር አልነበረም። የዋናው ደሴት መገናኛ ካልተነሣ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ኬብሎቹ እንደ አውራ ጣት የወፈሩ፣ በቀላሉ የማይታጠፉ ናቸው። አቬሊኖ ጫፋቸውን ልጦ የመዳብ ቀለበት ያጠልቅላቸውና በትልቁ መጭመቂያ፣ ሁለቱን እጀታ በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱ ሥር እስኪገተር ይጨምቃል። ሳልቪ በደህና እጇ ኬብሉን ትይዝለታለች፤ መብራት ታበራለታለች፤ ዳዶና ቁልፍ ታቀብለዋለች። የሥራው ባለቤት እሱ ነው። እሷም በደህናው ቀን ብቻዋን ትሠራው ነበር፤ አሁን ግን መጭመቂያውን አንዴ ሞክራ ቁስሏ ተከፍቶ ደም በጨርቁ ላይ ወጥቷል።

«በአንድ እጅሽ ከምትታገይ በጥርስሽ ያዢልኝ» አላት። «ጥርስሽ ደህና አይደል?»

«ጥርሴማ ደህና ነው፤ የምበላው ጠፋ እንጂ።»

«ሰርዲን አለ።»

«ሰርዲን ከዛሬ በኋላ ዓይኔ አያየውም፣ ማኖይ።»

ማኖይ ማለት ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ ከተዋወቁ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምትጠራው። ለዚህ ሥራ ያስገባት እሱ ነበር። ባሏ ጥሏት ወደ ማኒላ በሄደ ጊዜ ልጇን ታቅፋ ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት፣ ፌሊሳ ናት «ይህቺን ልጅ ሽቦ አስተምራት» ብላ ቤቷ ያስገባቻት። የሳልቪ ልጅ በእግሩ መሄድ የጀመረው በፌሊሳ ሳሎን ነው።

የግራው በኩል ሲያልቅ አቬሊኖ ከየኬብሉ ዋልታ ላይ ቴስተሩን አድርጎ አየ። ፖዘቲቩ በፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩ በኔጌቲቭ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ዋናውን ማጥፊያ ከፈተ። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ሰካ። በያንዳንዱ ፊውዝ በመደርደሪያው ላይ አንድ ማራገቢያ ይነሣል፤ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ለረጅም ጊዜ ፀጥ ብሎ የቆየው ክፍል ማጉረምረም ጀመረ።

«ውጪ ወጥተሽ ሞክሪው» አለ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

ሳልቪ ወጣች። ሰማዩ ምንም እንዳላደረገ ሁሉ ጥርት ብሎ ሰማያዊ ነው። ከታች ከከተማው የሞተ እንስሳ ሽታ በነፋስ ይመጣል። ስልኳን ከፈተች፤ ምልክቱ ቀስ እያለ መጣ። ገና ቁጥር ሳትመርጥ ጠራ። የአክስቷ ልጅ ሩፊና ነበረች፣ የከተማው ሆስፒታል ነርስ።

ሩፊና ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። አቬሊኖ አብሯት እንደሆነ ጠየቀች። ውስጥ መሆኑን ስትነግራት፣ የትምህርት ቤቱ ጣራ ተደርምሶ እንደነበር፣ ፌሊሳን ትናንት አመሻሽ ላይ ከምሰሶ ሥር እንዳወጧት፣ ከወገቧ በታች እንደተጎዳችና ደም እየፈሰሳት እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት።

«ደም የለንም፤ ሐኪሙም አንድ ነው» አለች። «ሰው ልላክባችሁ ብል ማንን ልላክ? በአእምሮዋ ናት፤ እሱን ነው የምትጠይቀው። ቶሎ ይምጣ፣ ሳልቪ።»

«እስከ ማታ ትቆያለች?»

«እኔ እግዚአብሔር ነኝ? ቶሎ ይምጣ ነው የምልሽ።»

 ሳታስበው ከሳልቪ አፍ ሌላ ነገር ወጣ። «ከሳባንግ ሰው መጥቷል?»

ከወዲያኛው በኩል የሰዎች ጩኸት ይሰማል። ሩፊና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከምስራቅ ጠረፍ አንድም ሰው አልመጣም፤ ቁስለኛም፣ ሬሳም፣ ወሬ ነጋሪም። ሁለት የባሕር ጠባቂ ጀልባዎች ወደቡ ላይ ቆመዋል፤ ነዳጃቸው ለአንድ ምልልስ ብቻ ነው፤ ጠረፉ ደግሞ ረጅም ነው። ወዴት እንሂድ ብለው ከዚያ በኩል የሚደውል ሰው እየጠበቁ ናቸው። ባሕሩ ማታ እንደገና ይከፋል ተብሏል።

«መስመሩን ቶሎ አድርሱት እየተባለ ነው» አለች ሩፊና፤ ከዚያ የሆነ ሰው ጠራትና ስልኩ ተዘጋ።

ሳልቪ ስልኩን እንደያዘች ቆመች። ከዚህ ወርዶ ሆስፒታል ለመድረስ፣ ግንድ ለግንድ እየዘለሉ፣ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። አሁን ከነገረችው ቁልፉን ጥሎ ይሄዳል፤ ማንም ሰው የሚያደርገው ያንን ነው። ከሄደ የቀኙ በኩል እስከ ነገ፣ ምናልባትም እስከ ከነገ ወዲያ ይቆማል፤ በዚህ እጇ አንዱንም ኬብል መጨረስ አትችልም። ካልነገረችው ግን ሥራው እስከ ቀትር ያልቃል። ከዚያ ይወርዳል። ይደርስ ይሆናል። ፌሊሳ ብርቱ ናት፤ ትቆይ ይሆናል።

ይህን ሁሉ እያሰበች የልጇ ፊት ከዓይኗ አልጠፋም። የማንን ነገር እያመዛዘነች እንደሆነ ራሷም አልለየችውም።

ስትገባ አቬሊኖ የቀኙን የመጀመሪያ ኬብል መላጥ ጀምሯል።

«ሠራ?»

«ሠራ።»

«ማንን አገኘሽ?»

«ሩፊናን። ሆስፒታሉ ሞልቷል አለች።»

«ስለ ትምህርት ቤቱስ?»

«ሳልጠይቃት ተቋረጠ።»

ቢላውን አስቀምጦ እጁን ዘረጋ። «እስቲ ወዲህ በይው፤ የፌሊሳን እህት አንዴ ልጥራት።»

«ቻርጁ ሊያልቅ ነው፣ ማኖይ። ለቀኙ ሙከራ አንድ ስልክ ነው ያለን።»

የስልኩ ባትሪ ግማሽ ድረስ ሙሉ ነበር። አቬሊኖ ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «እውነትሽን ነው» ብሎ ቢላውን አነሳ።

የቀኙ በኩል እንደ ግራው አልሆነም። እሳቱ የበላው ያንን ወገን ነበር። አቬሊኖ አንዱን ኬብል ሲልጠው ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ተበላሽቶ አገኘው፤ ቆርጦ ወደ ኋላ ቢሄድ አሁንም አረንጓዴ ነው። እንደገና ቆረጠ። ኬብሉ አጠረ፤ ከፓኔሉ አልደርስ አለ። ከመጋዘኑ ትርፍ ኬብል አምጥቶ፣ ለክቶ፣ ሌላ መዘርጋት ግድ ሆነ። እሷ ከወለሉ ሥር እየሳበች፣ እሱ ከላይ እየተቀበለ፣ ፀሐይዋ በተቀደደው ጣራ በኩል ከአንዱ ግድግዳ ወደ ወለሉ ወረደች።

አቬሊኖ ሲሠራ ማውራት ይወዳል። ስለ ፌሊሳ አወራ። ማዕበሉ ሊመጣ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ልብስና ሩዝ ሲሸክፍ፣ እሷ የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያዋን እንደ ሕፃን አዝላ ትምህርት ቤት መግባቷን ነገራት።

«መብራት በሌለበት የት ልትሰኪው ነው ብላት ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ባሌ የመብራት ሰው አይደለም እንዴ?› አለችኝ። የስልክ ነኝ፣ የመብራት አይደለሁም ብዬ ዕድሜ ልኬን ነግሬያታለሁ። አይገባትም።» ሳቀ። «አሁን አንድ ክፍል ሙሉ ሴት ሰብስባ እኔን እያማች ነው።»

ሳልቪ መብራቱን ወደ ሌላ በኩል አዞረች፤ ፊቷን እንዳያየው።

«ማኖይ» አለች።

«እ?»

መጭመቂያውን ይዞ፣ አንገቱን አዙሮ አያት። ጠጉሩ ላይ የመዳብ ብናኝ ተበትኗል። ከኬብሎቹ ገና አንዱ ነው የቀረው።

«ዳዶው ላልቷል» አለች። «ያ የታችኛው።»

ጎንበስ ብሎ ነካው። «አልላላም» አለና ለማንኛውም አጠበቀላት።

የመጨረሻው ኬብል ሲታሰር ቀትር አልፎ ነበር። አቬሊኖ በቴስተር አየ፤ ደግሞ አየ። የቀኙን ፊውዞች ለመስካት ሲነሣ ግን ቆመና ፊውዙን ለሳልቪ ሰጣት።

«ያንቺ ወገን ነው፤ አንቺ ስኪው።»

በግራ እጇ ተቀበለችው። ሰካችው። ማራገቢያ ተነሣ። ሁለተኛውን ሰካች፤ ሦስተኛውን። የመጨረሻው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ ረጋ።

ስልኳ ወዲያው አልጠራም። በሩ ላይ ቆመው ሁለቱም ስልኩን ያያሉ። አቬሊኖ የሰዎቹ ስልክ ቻርጅ ላይኖረው እንደሚችል፣ ተስፋ እንዳትቆርጥ ሊነግራት ሲጀምር ጠራ።

እናቷ ነበረች። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ቢሆንም የእናቷ ድምፅ ነው። ሳባንግ የለችም አለቻት፤ ቤት የሚባል ነገር የለም። የተረፉት ቤተ ክርስቲያኑ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ውሃ ጨርሰዋል፤ የሞቱትን አውርደው ማስቀመጫ አጥተው አብረዋቸው ናቸው። ልጁ ደህና ነው። ትኩሳት አለው፤ ግን ደህና ነው። ሳልቪ እየጮኸች ለባሕር ጠባቂዎቹ የሚደወልበትን ቁጥር ሦስት ጊዜ ደጋገመችላት፤ ከእናቷ ጋር ያለ አንድ ሰውዬ ቁጥሩን ተቀብሎ ደገመው። ከዚያ ተቋረጠ።

ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ ያለ ድምፅ ይወርዳል። አቬሊኖ አጠገቧ ተንበርክኮ ራሷን ደረቱ ላይ አስጠጋት፤ እንደ ልጅ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። «አበቃ፤ አበቃ» ይላታል። «ይመጡላቸዋል። አበቃ።»

ከታች ወደቡ ላይ ሁለት ነጫጭ ነጥቦች ከመርከቢቱ ጎን ተነጥለው የደሴቲቱን ጫፍ ሲዞሩ አዩ። ጀልባዎቹ ነበሩ።

«አሁን ስልክሽን ስጪኝ» አለ አቬሊኖ፣ እየሳቀ። «ለፌሊሳ እህት፣ ከዚያ ሆንግ ኮንግ ላለችው ልጄ ልደውል። በጭንቀት ሞተዋል።»

ሳልቪ ስልኩን አልሰጠችውም። በሁለት እጇ፣ በቁስለኛውም ጭምር፣ ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችው።

«ማኖይ፣ ፌሊሳ ሆስፒታል ናት። የትምህርት ቤቱ ጣራ ወድቆ ነው። ተጎድታለች፤ በጣም።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ወዲያው አልጠፋም፤ የት እንደሚሄድ እንዳጣ ሰው ትንሽ ቆየ።

«ማን ነገረሽ?»

«ሩፊና።»

«አሁን?»

መውጫውን እሱ ራሱ ሰጣት። አዎ ብትል ማንም አይጠይቃትም። ሩፊናም በዚያ ሁሉ ሬሳ መካከል የደወለችበትን ሰዓት አታስታውስም።

«አይደለም» አለች። «ጠዋት። ግራውን እንደጨረስን።»

አቬሊኖ ዞሮ በበሩ በኩል ወደ መደርደሪያው አየ። በቀኝ በኩል ያሉት አረንጓዴ መብራቶች ተደርድረው በርተዋል።

«በአእምሮዋ ነበረች?»

«አዎ። አንተን ትጠይቅ ነበር።»

«ለሰው ብለሽ ነው?» አለ። ድምፁ ከፍ አላለም። «ወይስ ለእናትሽ?»

«አላውቅም፣ ማኖይ።»

 አቬሊኖ ጓንቱን አወለቀና ጄኔሬተሩ ላይ አስቀምጦ መውረድ ጀመረ።

ተከተለችው። እንድትቀርም እንድትመጣም አልነገራትም። መንገዱ መንገድ መሆኑ ቀርቷል፤ ግንድ ይወጣሉ፣ ግንድ ይወርዳሉ፤ ለገመድ ቃጫ የሚተከለው የአባካ እርሻ ሁሉ ጭቃ ላይ ተኝቷል። አንድ ቦታ ላይ አቬሊኖ ተንሸራቶ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሳልቪ ደህና እጇን ዘረጋችለት። እጇን አየው፤ የሥር ጉማጅ ይዞ ራሱ ወጣ። እየወረዱ በሄዱ ቁጥር ከየቤቱ ፍርስራሽ ውስጥ የስልክ ጥሪ ይሰማል። አንድ ቦታ ደስታ ነው፤ ወዲያው ከጎኑ ዋይታ ይነሣል። ሰዎች አውቀዋቸው በእጅ ሰላምታ ይሰጧቸዋል። አቬሊኖ አንዱንም አልመለሰም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሩፊና ደጋግማ ካጠበችው በኋላም ደም ያልለቀቀውን ልብሷን እንደለበሰች ቆማ ነበር። አቬሊኖን ስታይ ወደ እሱ አልሄደችም፤ ወደ ሳልቪ ነው የዞረችው።

«ምነው ቆያችሁ?» አለች።

አቬሊኖ አልፏት ገባ።

ፌሊሳ በመተላለፊያው መጨረሻ፣ አልጋ ስላልተገኘ ወለል ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ነበረች። በመስኮት መጋረጃ ሸፍነዋታል፤ መጋረጃው አጭር ስለሆነ እግሮቿ ይታያሉ። ጥቂት ቀደም ብሎ ነው ያረፈችው፤ ፊቷ ገና አልተለወጠም። አቬሊኖ ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ሸፈናት። አጠገቧ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። አላለቀሰም። ከጠጉሩ ላይ የመዳብ ብናኝ በጭቃማ ትከሻው ላይ እየወደቀ ነበር።

ሳልቪ ከእሱ ራቅ ብላ፣ በሌላው ግድግዳ በኩል ቆመች። መሄድ አልቻለችም፤ መቅረብም አልቻለችም። መተላለፊያው ውስጥ ስልኮች ይጮኻሉ፤ ሰዎች ስም እየጠሩ ይጮኻሉ። አንዱ ጀልባዎቹ ከሳባንግ ሰው ጭነው እየተመለሱ ነው አለ። ይህን የሰማ አንድ ሽማግሌ፣ ልጆቹ ምስራቅ ጠረፍ ያሉ፣ መስመሩን የጠገነው ማን እንደሆነ ከሰዎች ጠይቆ ወደ አቬሊኖ መጣ። ጎንበስ ብሎ እጁን ይዞ ሳመው። ልጆቼን ከሞት መለስክልኝ፤ እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅልህ አለው። አቬሊኖ እጁን አልነጠቀውም። ሽማግሌው ቀና ሲል መጋረጃውንና እግሮቹን አይቶ ወደ ኋላ እየረገጠ ሄደ።

የሳልቪ ስልክ ጠራ። ቁጥሩ የውጭ ነው። የአቬሊኖ ልጅ ጄሊን ነበረች፤ ሆንግ ኮንግ ሰው ቤት የምትሠራው። የአባቷ ስልክ ሲዘጋባት የምትደውለው ሁልጊዜ ለሳልቪ ነው። አክስቷ አስቀድማ ነግራታለች፤ ማልቀስ ከጀመረች ቆይታለች።

ሳልቪ ወለሉን ተሻግራ ስልኩን ለአቬሊኖ ሰጠችው። ተቀበላት።

ለልጁ ብዙ አልተናገረም። አዎ አላት። ዛሬ አላት። እዚያው በሥራሽ ቆዪ፤ አውሮፕላንም የለም፤ እኛ እንቀብራታለን አላት። ልጅቱ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ እሱ ስልኩን ሳያወርድ ሰማት። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ ሳልቪም ትሰማ ነበር።

«አባዬ፣ ብቻዋን ነበረች?» አለች ጄሊን።

አቬሊኖ ቀና ብሎ ሳልቪን አየ። ከኮረብታው ከወረዱ ጀምሮ ሲያያት ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ እጁን ከመጋረጃው ሥር ሰደደ፤ ፈልጎ የሚስቱን እጅ አገኘና ያዘው።

«የለም፣ ልጄ» አለ። «አጠገቧ ነበርኩ። እጇን ይዤ ነበር።»

ስልኩን ዘግቶ ለሳልቪ መለሰላት።

«እንደዚያ ነው የሆነው» አላት።